የቀኙ ጎማ ሸራ

ሰውን በሕዝብ ፊት ሌባ ብሎ በሹክሹክታ ይቅርታ መጠየቅ በደል ነው። ወደ ሞያሌ በምንሄድበት ማታቱ፣ በኬንያው ሚኒባስ ውስጥ፣ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ፍሬኑን የሠራለትን ፉንዲ፣ መካኒኩን፣ መቀመጫ አጥቶ ቆሞ አገኘው።

«አንተ ሌባ! ያለቀው የግራው ጎማ የፍሬን ሸራ ነው። ደህናውን የቀኙን ለምን አወጣህ? ልትሸጠው?»

«ወንድሜ፣ በዲስክ ፍሬን አንዱ ጎን አዲስ፣ ሌላው አሮጌ ከሆነ፣ ፍሬን ስትይዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትትሃል።»

«አሮጌውስ የት ገባ?»

«ከመኪናህ መቀመጫ ስር፣ በካርቶን።»

«እ… ካርቶኗንስ አይቻታለሁ፤ የረዳቴ ጫት መስላኝ።»

ሾፌሩ ወደ ፉንዲው ጆሮ ጠጋ ብሎ «ይቅርታ» ሲል አንሾካሾከ።

«ሌባ ስትለኝ ሁሉም ሰምቷል። ይቅርታው ለእኔ ጆሮ ብቻ ነው?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሾፌሩም ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እሺ! ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ሌባ አይደለም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ!»

ዘንቢሌን ከአጠገቤ አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግሁና ለፉንዲው ቦታ ለቀቅሁለት።