የዐሥራ ዘጠነኛው ዓመት ስሕተት

በጥር ወር መገባደጃ፣ የጡረታ ጉዳዬን ለማስፈጸም ወደ ደባርቅ ልሄድ በዳባት መናኸሪያ መኪና ስጠብቅ፣ መሪጌታ መልከ ጼዴቅን አገኘኋቸው። መሪጌታ ከዳባት ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ደብር ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ አርባ ዓመት የሞላቸው፣ የየዓመቱን ጾምና በዓል ቀመር ያለ ወረቀት በጣታቸው አንጓ ቈጥረው የሚናገሩ ሊቅ ናቸው። እኔ በዳባት ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በዲሬክተርነት ስላገለገልሁ፣ ከስሜ ይልቅ በማዕርጌ ይጠሩኛል።

«ወዴት ነው መሪጌታ፣ በዚህ ፀሐይ?» አልኋቸው።

«ስሜን ላስመልስ።»

«ማን ወሰደብዎ?»

«የልጄ ልጅ ምሥራቅ ናት የሰጠችብኝ። ለፖላንዶች።»

ነገሩን ያስረዱኝ ሚኒባሱ ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ነው። ፍቅረ ሥላሴ የተባለው ተማሪያቸው ስልኩን ሲያገላብጥ ምሥራቅ የሥራዋ ምንጭ አድርጋ የጻፈችውን ስማቸውን በኢንተርኔት ላይ አይቶአል። ከስማቸው በታች አንድ የውጭ አገር ሰው «መምህሩ ተሳስተው ይሆናል» ብሎ ጽፎአል። ይህንንም ዓለም ሁሉ ያነብበዋል።

«አንቱ ዲሬክተር፣ ፍረዱኝ እስቲ። እኔ ሳስተምር እንጂ ስታረም ታይቼ አላውቅም። ደግሞ በአደባባይ!»

እኔም በዚያ ሰዓት ሐሳቤ ከእሳቸው ጋር ነበር። የሊቅ ስሕተት ቢገኝ እንኳ በጆሮው ይነገረዋል እንጂ በሰው ፊት አይጣልም፤ ያደግንበት ወግ ይኸው ነው። ስለዚህ የእኔን ጉዳይ ለነገ አሳድሬ አብሬአቸው ወደ ምሥራቅ ሄድሁ።

ምሥራቅ በደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ኮምፒውተር የምትጠግንባትና ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምትጽፍባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለቻት። መብራት ከረፋድ ጀምሮ ስለ ጠፋ በላፕቶፕ ባትሪ ትሠራ ነበር። አያቷን ስታይ ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመችና ወንበር አቀረበች።

«ይቀመጡ አባባ። ደክሞዎታል።»

«አልቀመጥም። አስቀድመሽ ስሜን አውጪልኝ።»

«ስምዎ መቼ ታሰረና ነው የማወጣው?»

«አትቀልጂብኝ!»

ነገሩ ከዚህ እንዳይከፋ ብዬ ገባሁበትና፣ ሥራዋ ምን እንደ ሆነ ከሥሩ እንድታስረዳን ለመንኋት።

«ኮምፒውተር ሲከፈት ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣ፣ ሌላውን ሥራ ሁሉ የሚያስተናግድ ፕሮግራም አለ፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል ጋሼ። የሚሸጥ አለ። እኛ የምንሠራው ግን ማንም በነፃ የሚወስደው፣ ውስጡን ከፍቶ የሚያየውና የሚያርመው ነው። በየአገሩ ያለን በጎ ፈቃደኞች አንዳንድ ክፍል ተካፍለን እንጠብቀዋለን። የእኔ ድርሻ የኢትዮጵያ የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ወራቱ፣ በዓላቱ፣ አጽዋማቱ።»

«ደመወዙስ?» አልኋት።

«የለውም።»

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩና «ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሰው ወይ ባሕታዊ ነው ወይ ሰላይ ነው» አሉ።

«እርስዎስ ስንት ይከፈልዎታል አባባ?» አለች ምሥራቅ።

መሪጌታ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያም ተቀመጡ።

«የሚያስቆጣዎት የቱ ነው?» ስትል ቀጠለች። «ስምዎ መጻፉ ነው ወይስ መተቸቱ?»

«መተቸቱ ነዋ! ያ ፖላንዳዊ የት ጉባኤ ውሎ፣ ከማን እግር ሥር ተቀምጦ ነው እኔን የሚያርመኝ?»

«ስሙ ‹ያን› ነው። የባቡር ሐዲድ መሐንዲስ ነው፤ ከሥራው ሲመለስ የሁላችንንም ጽሑፍ ይመረምራል። እኛ ዘንድ ማንም የሠራውን ሥራ በስውር አያስገባም። በመጀመሪያ ሁሉ በሚያነብበው መዝገብ ላይ ያወጣዋል፤ የፈለገ ይጠይቀዋል፤ ለጠያቂው ሳይመልስ ሥራው አይገባም። እርስዎስ ተማሪው ቀመር ሲስት በጉባኤው ፊት አይመልሱትም?»

«እኔ መምህሩ ነኝ።»

«እዚያ ማዕርግ አይጠየቅም፤ ማስረጃ ነው የሚጠየቅ። መሐንዲሱ ራሱ ባለፈው ወር አምስት ጊዜ ታርሟል። አንዱን ያረምሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«እኔ። አመሰገነኝ።»

መሪጌታ ይህን ማመን አቃታቸው፤ እኔንም አቃተኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ አንድ አስተማሪ በባልደረቦቹ ፊት ታርሞ ሲያመሰግን አይቼ አላውቅምና።

«እንግዲያው ያለውን አንብቢልኝ» አሉ። «ቃል ሳትጨምሪ፣ ቃል ሳትቀንሺ።»

ምሥራቅ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበች። መሐንዲሱ የጻፈው ይህን ነበር፦ «የምሥራቅን ሥራ ለብዙ ዓመታት አስልቼ አየሁት። የነነዌ ጾም በየዓመቱ ሰኞ ይገባል። በ2025 ዓ.ም. ብቻ እሑድ ሆኖ አገኘሁት። ወይ የዕለቱ ሠንጠረዥ ተበላሽቷል፣ ወይ ሕጉ ጎድሎአል፣ ወይ መምህሩ ተሳስተው ይሆናል። እባክሽ መርምሪው።» ከዚህ በታች የእትሙ ኀላፊ የሆነች አንዲት ኬንያዊት፣ የፕሮግራሙ አዲስ እትም ዛሬ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት እንደሚዘጋና፣ እስከዚያ ካልታረመ የኢትዮጵያ የቀን መቁጠሪያ በሙሉ ከእትሙ እንደሚወጣ አስታውቃለች። የሚቀጥለው እትም የሚወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

መሪጌታ «እሑድ» የሚለውን ሲሰሙ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው የጣታቸውን አንጓ በአውራ ጣታቸው ይነኩ ጀመር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ጥቂት ቈይተው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉት። ቍጣው ከፊታቸው ጠፍቶ ነበር።

«አባባ፣ ያውቁታል» አለች ምሥራቅ።

«አውቀዋለሁ።»

«ይንገሩኝ። የቀረን ሦስት ሰዓት ነው።»

«አይነገርም። እሱ የሚነገረው ለተመራቂ ነው።»

እዚህ ላይ ለአንባቢ ጥቂት ማብራራት ይገባኛል። በባሕረ ሐሳብ ከየዓመቱ ወንበር፣ ማለት ዓመቱ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ዙር ውስጥ ከያዘው ቦታ፣ መጥቅዕ የሚባል ቍጥር ይወጣል። መጥቅዑ ከዐሥራ አራት ከበለጠ በመስከረም ይውላል፤ ካነሰ በጥቅምት። በዋለበት ዕለት ላይ የዕለቱ ተውሳክ፣ ማለት ለያንዳንዱ ዕለት የተመደበው ቍጥር፣ ሲደመርበት የነነዌ ጾም የሚገባበት ቀን ይታወቃል። ይህን ተማሪው ሁሉ ጮኾ ይማረዋል። ምሥራቅም በልጅነቷ ከጉባኤ ቤቱ ግድግዳ ውጭ ሆና፣ ወንዶቹ ትምህርቱን በቃላቸው ሲቀጽሉ እየሰማች ይዛዋለች። ነገር ግን በየዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አንድ ጊዜ መጥቅዑ አልቦ፣ ማለት ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ምን እንደሚደረግ በመሪጌታ ጉባኤ የሚነገረው፣ ተማሪው አገልግሎቱን ጨርሶ ሊሰናበት ሲነሣ፣ ለብቻው ነው። ምሥራቅ ከአያቷ አፍ ሁሉንም የሰማች መስሏት ሌላ መጽሐፍ ሳትገልጥ ጻፈችው፤ ኮምፒውተሩም ባዶውን ከዐሥራ አራት ያነሰ አድርጎ ወደ ጥቅምት ላከው። ጥቅምት ዜሮ የሚባል ቀን ስለሌለ ዕለቱን ከጥቅምት አንድ ወስዶ ተውሳኩን በባዶው ላይ ደመረ፤ ጾሙም በአንድ ቀን ተዛንፎ እሑድ ላይ ወደቀ።

«ለዚያች ለአንዲት ቃል» አሉ መሪጌታ፣ «ሰባት ዓመት ለመምህሬ ውሃ ቀድቻለሁ፤ እንጨት ለቅሜአለሁ። ዛሬ ማንም በተቀመጠበት በነፃ ሊወስዳት?»

«እርስዎስ እስከ ዛሬ ለስንት ሰው ሰጧት?»

«ለሦስት።»

«የት አሉ?»

«ወልደ ሩፋኤል ዐረፈ፤ ነፍሱን ይማር። ያርጋል አምባ ጊዮርጊስ እህል ይነግዳል። አንዱ የት እንዳለ አላውቅም።»

«ዘንድሮ ስንት ተማሪ አለዎት?»

«አራት። ሁለቱ ለጥምቀት እንደ ሄዱ አልተመለሱም።»

«ነገሩን የሚጠብቀው መደበቁ ነው ይሉኛል አባባ። እኔ የማየው ግን እየጠፋ ነው። በመካነ ብርሃን በኩል ያለ አንድ ጤና ኬላ በዚህ በእኛ ፕሮግራም ይሠራል። ይህ የቀን መቁጠሪያ በሙከራው እትም ሳይገባላቸው በፊት ቀጠሮውን ከፈረንጅ አቈጣጠር እየመለሱ ይጽፉት ነበር። ተሳስተው የአንዲት እናት፣ የየሺወርቅ፣ ልጅ ክትባት ስምንት ቀን አለፈበት፤ እናቲቱ ያን ሁሉ መንገድ አዝላው ተመለሰች። ዛሬ ማታ ካወጡት አዲሱን እትም የሚጭን ሁሉ ወደዚያው ይመለሳል።»

«የክትባት ቀጠሮ ከነነዌ ጋር ምን አገናኘው?»

«አንድ ክፍል ነው። ግማሹ ጐድሎ ግማሹ አይታመንም፤ እርስዎ ራስዎ እንዲህ ነው የሚያስተምሩት።»

መሪጌታ ወደ በሩ ተመለከቱ። ለመሄድ ያሰቡ፣ ክርክሩም ያለቀ መሰለኝ። ምሥራቅም ከዚህ በኋላ አልለመነቻቸውም። ወደ ላፕቶፑ ተመልሳ መጻፍ ጀመረች።

«ምን ትጽፊያለሽ?» አሏት።

«ለያን መልስ። የመጡበትን ልፈጽምልዎ። ስምዎን አወጣዋለሁ፤ ስሕተቱን ግን ማውጣት አልችልም፣ አላውቀውምና።» ከዚያም የጻፈችውን በአማርኛ አነበበችላቸው፦ «ስሕተቱ የእኔ ነው። መምህሩ ምንም አላጠፉም። ትምህርቱን ሳልጨርስ ጻፍሁ። ሕጉን ባለማግኘቴ ክፍሉ ከእትሙ ቢወጣ አልቃወምም።»

ሁለት ዓመት የደከመችበትን ሥራ በአራት ዐረፍተ ነገር ስትለቅቅ ድምፅዋ አልተለወጠም። መሪጌታ ግን ከወንበራቸው ተነሡ።

«ሐሰት አትጻፊ» አሉ።

«የቱ ነው ሐሰቱ?»

«‹ሳልጨርስ› ያልሽው። አንቺ መቼ አቋረጥሽ? እኔ ነኝ ሳልጨርስልሽ የቀረሁ። እሱን አጥፊና ጻፊ።»

ምሥራቅ ጣቶቿ ከፊደል ገበታው ላይ እንዳሉ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ምን ብዬ?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስጠግተው፣ በጉባኤ እንደሚያደርጉት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ። «ወንበሩ አልቦ በሆነ ጊዜ መጥቅዑ አልቦ አይባልም። ሠላሳ ነው። የሚውለውም በመስከረም ሠላሳ ነው እንጂ ወደ ጥቅምት አይሻገርም። ይኸው ነው። ሰባት ዓመት የለፋሁባት ይህች ናት።»

በውጭ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ሰሙ። መሪጌታ አይተዋቸው ነበር፤ ድምፃቸውን ግን አልቀነሱም።

ምሥራቅ አንድ መስመር ጨመረች። ከዚያም ዐቢይ ቀመር የሚባለውን የአምስት መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመት ዙር በሙሉ ኮምፒውተሩ እንዲያሰላው አዘዘችው። እኔ መነጽሬን አውልቄ ሳልጠርግ ጨረሰ። ቀድሞ በሃያ ስምንት ዓመታት እሑድ ይል የነበረው አሁን ሁሉም ሰኞ ሆኖአል።

«ይህን ሁሉ አሁን ቈጠረው?»

«ቈጠረው።»

«ጨርሶ ዋሽቶሽ ከሆነስ? 2025ን ብቻዋን አሳዪኝ።»

አሳየቻቸው። መሪጌታ በአንጓቸው ቈጠሩ። «መስከረም ሠላሳ እሑድ ይውላል፤ የእሑድ ተውሳክ ሰባት፤ ከሠላሳ ሰባቱ ሠላሳው ሲነሣ የካቲት ሰባት፤ ሰኞ» አሉ። ኮምፒውተሩም ያለው ይህንኑ ነው። ሌሎች አምስት ዓመታት እየጠሩ ፈተኑት። በመጨረሻው ላይ ራሳቸው ተዛንፈው ኮምፒውተሩ ትክክል ሆኖ ሲገኝ፣ «ዛሬ መንገድ አድክሞኝ ነው» ብለው ሣቁ። በእኔ ዕድሜ መሪጌታ ተዛነፍሁ ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

መልእክቱ ሄዶ መልሱ የመጣው ባትሪው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። መሐንዲሱ እንዲህ ጽፎ ነበር፦ «ለምን ሠላሳ እንደሚሆን መምህሩ ሊያስረዱኝ ይችላሉ?» መሪጌታ መለሱ፤ ምሥራቅ ተረጐመችው። «አበቅቴ የምንለው የዓመቱ ሌላ ቍጥርና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው ሠላሳ ይሆናሉ። አንዱ ባዶ ሲሆን ሌላው ሙሉውን ሠላሳ ይይዛል።» ከአሥር ደቂቃ በኋላ መሐንዲሱ እንደገና ጻፈ፦ «ገባኝ፤ ተቀብያለሁ። የዕለቱን ሠንጠረዥ መጠርጠሬ ስሕተት ነበር፤ ሠንጠረዡ ደኅና ነው። መምህሩን አመስግኚልኝ።» ኬንያዊቷም ክፍሉ በእትሙ እንደሚቆይ አረጋገጠች።

«ተሳስቻለሁ ያለው ሁሉ በሚያነብበው መዝገብ ላይ ነው?» አሉ መሪጌታ።

«አዎን።»

«ማን አስገደደው?»

«ማንም።»

መሪጌታም «ስሜን ተዪው፤ ከሥሩ ግን የመምህሬን የመምህር ሰጠኝን ስም ጨምሪ። እኔም ከእሳቸው ነው የተቀበልኋት» አሉ።

እኔም በዚያች ጠባብ ክፍል የተማርሁትን ሳልሸሽግ ልናገር። ሥራውን በግልጽ ያወጣ ሰው ስሕተቱን ገና ጉዳት ሳያደርስ ያገኝለታል፤ እነሆ 2025 ሳይደርስ ታረመ። ሥራውን መተቸት ሰውዬውን መናቅ አይደለም፤ መሐንዲሱ አንዲትም የስድብ ቃል አልጻፈም። ዕውቀትም ለብዙ ሰው በተሰጠ ቍጥር ባለቤቱ አይደኸይበትም። መሪጌታ ያችን ሕግ በአርባ ዓመት ለሦስት ሰው ሰጥተው ነበር፤ በዚያ ከሰዓት በኋላ ግን በቍጥር ለማናውቀው ሕዝብ ሰጡ፤ ሊቅነታቸውም በአንዲት ፊደል አልቀነሰም። ትምህርት ቤቶቻችን፣ ማኅበሮቻችንና ጽሕፈት ቤቶቻችን ይህን ሥርዓት ቢይዙ፣ በይሉኝታ ተሸፍኖ የሚያረጅ ስሕተት ባነሰ ነበር።

ልንሄድ ስንል መሪጌታ ሳይንቀሳቀሱ ቀሩ።

«ለተመራቂ ብቻ የማስቀራቸው ሌሎች አራት ነገሮች አሉኝ» አሉ። «ጻፊ።»

«ባትሪው አለቀ አባባ፤ ነገ ይሁን?»

«ነገማ ሐሳቤን እለውጣለሁ። አንቱ ዲሬክተር፣ እጅዎ ለምን ተፈጥሮአል? ወረቀት ያውጡ እንጂ!»

ከጡረታ ማስረጃዬ መካከል ያልተጻፈበት ወረቀት ፈልጌ አራቱንም በቃላቸው ጻፍሁ። አንድ ቅጂ ገልብጬ ለምሥራቅ ሰጠኋት፤ ዋናው ዳባት ከቤቴ ይገኛል። የፈለገ መጥቶ ይገልብጥ፤ ስሕተት ያገኘም እዚያው ላይ ይጻፍበት።