ጥጃ የታሰረበት ችካል

በደርግ ጊዜ፣ ወረታ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሳለሁ ነው። ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ስመለስ የፎገራን ውኃ ማፋሰሻ ቦይ የሚያሠሩ አንድ መሐንዲስና ፎርማናቸው ከኋላዬ ተቀምጠው ይነታረካሉ።

«ቦዩ እኮ ተጣሞ ቀረ። ይኼ አዲስ መሐንዲስ ዩኒቨርሲቲ ምን ሲማር ነው የከረመው?»

«የቦዩን መስመር የሚያሳየውን ችካል ቀጥ አድርጎ ነበር የተከለው፣ ኢንጂነር። ገበሬዎቹ እየነቀሉ ሣር ወዳለበት ወስደው ጥጃ አሰሩበት።»

«እና ጥጃ የታሰረበትን ችካል ተከትሎ ያስቆፍራል?»

«በቁፋሮው ቀን ጥጆቹ የሉም። ችካሉ ብቻ ነው ተተክሎ የቀረው።»

«ታዲያ ግራ ሲገባው አይጠይቅም? አፍ የለውም?»

«ጠይቋል እንጂ። ቢሮዎ መጥቶ ‹መስመሩ የተዛባ መሰለኝ፣ አብረን እንየው› ሲልዎት እኔም እዚያው ነበርኩ።»

«ምን አልኩት?»

«‹ዲግሪ ይዘህ እጅህን ይዤ ልምራህ ወይ?› አሉት። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ጠይቆ አያውቅም።»

«ሥራ በዝቶብኝ ይሆናላ። ደሞስ እኔን ማን አሳየኝ? ብቻዬን ነው የተማርኩት።»

«ኧረ ተዉ፣ ኢንጂነር። የመጀመሪያው አለቃዎ ክረምቱን ሙሉ በዚህ ጭቃ ይዘውዎት ሲዞሩ፣ የመለኪያውን ዘንግ ተሸክሜ ከኋላችሁ የምከተለው እኔ አልነበርኩም?»



እኔም አዲሱ መምህራችን ‹ሳስተምር አንድ ቀን ገብተው ቢያዩኝ› ብሎ የጻፈልኝን፣ ከመስከረም ጀምሮ ኪሴ ውስጥ የከረመውን ወረቀት አውጥቼ ዘረጋሁት።