አቶ ገብረ መስቀል በፕላዝማ መቁረጥ እንዴት ተማሩ

በ1978 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ወደ ደቅ ደሴት ለመሻገር ጣና ዳር ወረድሁ። ጀልባዋ ግን ሆዷ በዝገት ተበልቶ ከውሃ ወጥታ ኖሯል፤ መቼ እንደምትመለስ የሚነግረኝም አላገኘሁም። ፀሐዩ ሲያይልብኝ ጥላ ፍለጋ የጀልባ መጠገኛው ወርክሾፕ ገባሁ። መምህር ነኝና ሰው ሲሳሳት አይቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ያን ቀን ግን አፌን ይዤ በተቀመጥሁ ኖሮ እላለሁ።

ውስጥ የቀድሞ ተማሪዬ አለበል ከአንድ ሽማግሌ ጋር ቆሟል። ሽማግሌው አቶ ገብረ መስቀል ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት በጋዝ ነበልባል ብረት ሲቆርጡ የኖሩ ናቸው፤ ሹም አቦ ሰፈርም ከአለበል እናት ጋር ግድግዳ ይጋራሉ። በመካከላቸው ከምሥራቅ ጀርመን የመጣው የፕላዝማ መቁረጫ ተቀምጧል። ማሽኑ አየርን በኤሌክትሪክ አግሎ በትንሽ የመዳብ ጫፍ ቀዳዳ ያስወጣና ብረቱን በዚያ ይቆርጣል። ጫፉ በቀላሉ ይቃጠላል፤ ምትኩም አገር ውስጥ አይገኝም። እኔ ስገባ አቶ ገብረ መስቀል አራተኛውን ማቃጠላቸው ነበር።

«ጋሼ፣ አሁንም ቆመው ጠበቁት» አለ አለበል።

«ብረቱ እስኪቀላ ነዋ። ሳይቀላ ምኑን እቆርጠዋለሁ?»

«መቅላቱን የሚጠብቀው ጋዝ ነው። ይኸ አይጠብቅም። ከላሜራው ጠርዝ ይነሱ፤ እሳቱ በስቶ ከሥር ሲወጣ ሲያዩ ወዲያው ይሂዱ። ከቆሙ እሳቱ የሚቆርጠው ያጣና ጫፉን ራሱን ይበላዋል።»

«ኃይሉንስ ለምን ቀነስኸው? እስከ መጨረሻው አዙረው እንጂ።»

«ላሜራው ስድስት ሚሊ ነው፤ አርባ አምፔር ይበቃዋል። ሲበዛ ቁርጡ ይሰፋል፣ ጫፉም ይቀልጣል። ደግሞ ብረቱ ላይ አይጫኑት። የስንዴ ፍሬ የምታልፍበት ያህል ከፍ አድርገው ይያዙት።»

እዚህ ላይ መታገሥ አቃተኝ። አቶ ገብረ መስቀልን በአክብሮት እጅ ነሥቼ፣ ዘመኑ እንደ ተለወጠ፣ የአባት ልማድ ሁሉ መያዝ እንደሌለበት፣ ዕድሜ ለመማር እንደማያግድ ረጅም ንግግር አደረግሁላቸው። ክፍል ውስጥ እንኳ እንዲህ አምሮልኝ አያውቅም።

«እውነትዎን ነው፣ መምህር» አሉኝ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ግን አርጅቻለሁ። አይገባኝም። ይኸን የሚችለው አለበል ብቻ ነው።»

እንዲህ በትሕትና እምቢ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ኋላ ቀርነት ማለት ይህ ነው ብዬ በልቤ ፈረድሁባቸው።

አለበል ግን አልተወም። ሌላ ቁራጭ ላሜራ አምጥቶ፣ የቀረውን ጫፍ ገጥሞ ራሱ እየቆረጠ አሳያቸው። «ፍንጣሪውን ይዩ። ከሥር ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ከወረደ ፍጥነትዎ ልክ ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ፊትዎ ከተመለሰ ፈጥነዋል፣ ብረቱ አልተበሳም። ቀጥ ብሎ ወርዶ ከቁርጡ ሥር የቀለጠ ብረት ካንጠለጠለ ዘግይተዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ ጠዋት ጠዋት…»

ቃሉን ሳይጨርስ የአቶ ገብረ መስቀል እጅ አየር ወደሚያምቀው ኮምፕሬሰር ሥር ሄዶ መክፈቻውን አዞረና የተጠራቀመውን ውሃ አፈሰሰ። የሐይቁ አየር እርጥብ ነውና ውሃው ካልፈሰሰ ከአየሩ ጋር ገብቶ ጫፉን ያበላሻል። ይህን ማንም አልነገራቸውም ነበር። ሁለታችንም አየናቸው። እሳቸውም ማየታችንን አዩ።

«ያውቁታል» አለ አለበል ቀስ ብሎ። «ሁሉንም ያውቁታል።»

አቶ ገብረ መስቀል በር በሩን ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መምህር፣ እርስዎ የኛ ሰው ይመስሉኛል። የዚህ ልጅ ታላቅ ወንድም፣ ክንዱ የሚባለው፣ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። እናቱ ወለተ ኪዳን ከዚህ ሌላ የላትም። ይኸንም ለብሔራዊ ውትድርና ሁለት ጊዜ ጠሩት። ሁለት ጊዜም ኃላፊያችን ‹ማሽኑን ከሱ በቀር የሚችል የለም› ብሎ ጽፎ አስቀረው። እኔ ከቻልሁ በሦስተኛው ምን ብሎ ይጽፋል?»

ያ ያማረ ንግግሬ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ አሳፈረኝ።

አለበል ከቱታው ኪስ አንድ ወረቀት አወጣ። «ሦስተኛው ዛሬ ጠዋት መጥቷል፣ ጋሼ። በአሥራ አምስት ቀን ምትክ እንዳሠለጥን ታዝዣለሁ። ካልሆነ ዕውቀት ደብቆ ንብረት አስወድሟል፣ አሻጥር ነው ይላል። አራት ጫፍ ተቃጥሏል፤ የቀረው አንድ ነው። ያቃጠለው ማነው ብለው ሲጠይቁ እርስዎን አልሰጥም።»

«እኔን ስጣቸው። ሽማግሌ ነኝ። ምን ያደርጉኛል?»

«ያስሩዎታል። እኔንም ያው ይወስዱኛል። ከሁለት ሰው አንዱን እናትርፍ እንጂ።»

«አንተን ነበር ላተርፍ ያሰብሁት።»

«አውቃለሁ። ሦስት ዓመት አትርፈውኛል» አለ አለበል። ድምፁ አልተለወጠም፤ እጁ ግን ወረቀቱን ያጥፋል፣ ይዘረጋል። «አሁን መሄዴ ላይቀር ነገር ወታደር ሆኜ ልሂድ። አሻጥረኛ ተብዬ ከሄድሁ እናቴን ቀበሌው እንኳ ዘይት አይሰጣትም። ደቅ ያለውም ሰው ጀልባ የለውም። ይማሩልኝ፣ ጋሼ። ለኔ ሲሉ አልተማሩም፤ አሁን ለኔ ሲሉ ይማሩልኝ።»

ሽማግሌው ወደ ማሽኑ ዞሩ። በሕይወቴ ብዙ ሰው ተከራክሮ ሲረታ አይቻለሁ፤ መረታት እንደዚያ ሲያም ግን አላየሁም። የተማረው አሸነፈ፣ ያልተማረው ተቀበለ። የሚያስደስተኝ ነገር ግን አላገኘሁበትም።

ከዚያ የመጨረሻው ጫፍ የተገጠመበትን እጀታ ከአለበል ተቀበሉ። የላሜራውን ቀለምና ዝገት በብሩሽ ፍቀው ንጹሑ ብረት ላይ የመሬት ገመዱን መቆንጠጫ አስያዙ። የኃይሉን ማዞሪያ አርባ ላይ አቆሙ። ጥቁሩን መነጽር አወረዱ፣ ከጠርዙ ተነሡ፣ እሳቱ ከሥር ሲወጣ ሳይዘገዩ ሄዱ። ፍንጣሪው ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ወረደ። እስከ ላሜራው መጨረሻ ድረስ አንዴም ሳያቋርጡ ቆረጡ። ቁርጡ እንደ ወረቀት ጠርዝ ንጹሕ ወጣ። መነጽሩን ግን ቶሎ አላነሡትም፤ አለበልም ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ነበር።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ከነጓደኞቹ በጭነት መኪና ወሰዱት። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን መኪናው ከሄደ በኋላም ከቆሙበት አልተነቃነቁም። አቶ ገብረ መስቀል አጠገባቸው ቆመው ነበር።

ነሐሴ ላይ ወርክሾፑ ስለ አዲሱ አሠራር ስብሰባ ጠራ። እኔም የትምህርት ቤቱ ተወካይ ሆኜ ተቀመጥሁ። እስከዚያ ቀን ከአለበል አንድም ደብዳቤ አልመጣም። ሰብሳቢው አቶ ገብረ መስቀልን፣ ልማዳቸውን ትተው ዘመናዊ አሠራርን የተቀበሉ አርአያ ብለው አስነሧቸውና የለውጡን ጥቅም እንዲያስረዱ ጋበዟቸው።

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሡ።

«ጥቅሙ ብዙ ነው» አሉ። «ውሃው ጠዋት ጠዋት ስለሚፈስ፣ ኃይሉም እንደ ብረቱ ውፍረት ስለሚመጠን አንዷ ጫፍ እስካሁን አለች። በሁለት ቀን የምንቆርጠውን በአንድ ጠዋት እንቆርጣለን። ቁርጡ ንጹሕ ነው፤ ሞረድ አይፈልግም። ጀልባዋ ተጠግና ደቅ ትመላለሳለች። እኔ ደግሞ ሁለት ሰው አስተምሬያለሁ፤ ከኔ እኩል ይችላሉ።» ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ። «እንግዲህ አለበል ባይመለስም ሥራው አይቆምም።»

ተቀመጡ። ሰብሳቢው አጨበጨቡ፤ እኛም አጨበጨብን።