ለሠርጉ ጠጅ የሚሆን ማር

ኧረ ይግቡ እትየ ንግሥቴ! ደጅ ቆመውማ አይሆንም። ከቡሬ እስከዚህ በጋሪ ነው የመጡት? ወገብዎ ተሻለዎት ወይ? የዘንድሮው ብርድ መቸም ጉድ ነው። ገንቦውን ወዲያ ያስቀምጡት፣ ለምን እንደመጡ ገብቶኛል… ለሠርጉ ጠጅ ማር ፈልገው ነው አይደል? እሰይ! ወንድምዎ ልጁን የሚድርበት ቀን ደረሰ።

ሙሽራውን፣ የወንድምዎን ልጅማ ማን ይጠላል? የዘይት ፋብሪካው ያንን ሁሉ ኑግ ከእኛ አገር የሚሰበስበው በማን እጅ ሆነና? መኪናው አቧራ ሲያለብሰን እንኳ "ልማት ነው" ብለን እንስቃለን። ትሕትናውስ ቢሆን! መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያልፍ። ከመስቀል ወዲህ ዓይኔን አይቶ አያውቅም… ከትሕትናው ብዛት።

እንግዳ አክባሪነቱ ደግሞ ለብቻው ነው። ያን ሰሞን ዘይቱን የሚገዙት ሰዎች ከውጭ አገር ሊመጡ ነው ተባለ። "ኑጉ በሚበቅልበት አገር ንቡ፣ ወፉ፣ ዛፉ ካልተጠበቀ ዘይታችሁን አንገዛም" ብለዋል አሉ። ስሙም ብዝኃ ሕይወት ነው፤ ክረምት ላይ ሰብስቦ ያስተማረን ሙሽራችን ራሱ ነው። እንዴት አሳምሮ ይናገራል! "ንብ የፋብሪካው ሠራተኛ ናት፣ ያለ እሷ ኑግ ፍሬ አይዝም" ሲል ቀድሜ ያጨበጨብሁ እኔ ነኝ።

ታዲያ እንግዶቹ አበባው መሐል ገብተው ፎቶ ሊነሡ ሆነ። ንብ ብትነድፋቸውስ? ፋብሪካው መዋረዱ አይደል? አንድ አስተዋይ ሰው ከዋዜማው ማሳውን ሁሉ የተባይ መድኃኒት አስረጨዋ… አበባው ላይ። ማን አስረጨ? እኔ ምን አውቄ እትየ! የማንንም ስም አላነሣሁም። ከመርጨት በፊት "ቀፎሽን ዝጊ" ብሎ ለጎረቤት መላክ የእኛ የገበሬዎቹ ወግ ነው፤ ቢሮ ያለው ሰው በዚህ ይድከም እንዴ?

እንግዶቹ ሲደሰቱ ዋሉ። አንዲት ንብ አልነደፈቻቸውም። ግምገማ ተቀምጠው ጠባይ ይዘው የወጡ ንቦች ሳይመስሏቸው ይቀራል? ፎቶውን ፍኖተ ሰላም ላይ በትልቅ ሰሌዳ ሰቅለውታል፤ ሙሽራው አበባ መሐል ፈገግ ብሎ። አቤት ሲያምርበት! እኔ እንኳ ለፎቶው አልደረስሁም፣ ያን ጧት ከቀፎዎቼ ሥር የሞቱትን በመጥረጊያ ስሰበስብ ነበር። አልቅሻለሁ፣ ምን እደብቅዎታለሁ። ልጄን ኮሌጅ ያስገባሁት በእነዚያ ቀፎዎች ነው። ዛሬ ሸረሪት አድርቶባቸዋል።

ኑጉን ደግሞ ባዩት! አገሩ ቢጫ ሆኖ እንደ ዘንድሮ ያበበበትን ዘመን አላስታውስም። አጭደን ስናሸው ግን… ገለባ። የእኔም ገለባ፣ የጎረቤቴም ገለባ። ንብ ሳትጎበኘው ከየት ያምጣው? ይኼንን ደግሞ ያስተማረን ማን ነበር? ሥራ በዝቶበት ረስቶት ይሆናል እንጅ መቸም ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። አሁን ፋብሪካው የሚጨምቀው አጥቶ ዘበኛው ብቻ በር ላይ ያንጎላጃል ይሉኛል።

እና ማሩ… ምነው እትየ፣ ቀና አይሉም እንዴ? እርስዎ ምን አደረጉ! ጠጁን በስኳር ይጣሉት፤ ሸማቾች ማኅበር ሞልቷል አሉ። ገንቦውን እስከ ጋሪው ልያዝልዎ፣ ባዶ ስለሆነ አይከብደኝም።

ለሠርጉማ አልቀርም፣ እልል እላለሁ። እስከዚያው ግን ምርቃቴን ለሙሽራው ያድርሱልኝ። አምላክ ትዳሩን እንደ ዘንድሮው ኑጋችን ያድርግለት… እንደዚያው ያብብለት።

ምነው እትየ፣ አሜን አይሉም?