የሐጂ ኑሬ አምስተኛው ሳምንት

ሐጂ ኑሬን ከዐሥር ዓመት በላይ ሳውቃቸው በሥራ ሰዓት ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግን፣ የመጋረጃ ጨርቅ ፍለጋ እዚሁ ናይሮቢ ከጊጊሪ ወደ ኢስትሊ ገበያ ሄጄ ሱቃቸው ወዳለበት ሕንፃ ስገባ፣ ከሁለተኛው ፎቅ ወደ ሦስተኛው በሚወስደው ደረጃ ላይ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ገበያተኛው ሸክሙን ይዞ በጎናቸው ይወጣል፣ ይወርዳል።

«ሐጂ፣ ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው።

«ምንም አልሆንኩ፣ ሠርክዬ። ደረጃው ረዘመብኝ። ባለ ሕንፃው ሳይነግረን ጨምሮበት ይሆናል።»

ክንዳቸውን ይዤ ቀስ እያልን ወጣን። ሐጂ ኑሬ የሞያሌ ሰው ናቸው፤ በናይሮቢ ጨርቅ ሲነግዱ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። እኔና ባለቤቴ ተካልኝ ኢስትሊ ተከራይተን በምንኖርበት ጊዜ ጎረቤታችን ነበሩ። ተካልኝ ያረፈ ጊዜ ሱቃቸውን ሦስት ቀን ዘግተው አብረውኝ ተቀምጠዋል።

ሱቁ ውስጥ ልጃቸው ራጃ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ ፋርማሲ የምታጠና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። በአንድ እጇ የክኒን ብልቃጥ፣ በሌላው በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ይዛለች።

«አንቲ ሠርክ፣ እንኳን መጡ። እርስዎ ይፍረዱን» አለችኝ። «ባባ ከዛሬ ጀምሮ ዳዋውን፣ መድኃኒቱን፣ አልውጥም ብሏል። በምትኩ ይኼን ሊጠጣ ነው።»

ጋዜጣውን ፈታችው። ጠርሙሱ ውስጥ እንደ ጭቃ የጠቆረ ፈሳሽ አለ። ነገሩን ቀስ በቀስ ከሁለቱም አፍ ሰማሁ። ሐጂ ኑሬ ለዘመዳቸው ደም ሊሰጡ ሄደው በደማቸው ውስጥ ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ተገኘ። ሐኪሙ በቀን አንድ ክኒን ለዐሥራ ሁለት ሳምንት አዘዘላቸው። አሁን አምስተኛውን ሳምንት ጨርሰዋል፤ ሰባት ይቀራቸዋል። ከራጃ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም፤ ባለቤታቸው ሀጀራም አታውቅም። ጠርሙሱን እንኳን ያስላኩት «አንድ የማውቀው ሰው ጉበቱን ታሞብኛል» ብለው ነው። ሞያሌ ያለው ዘመዳቸውም ለወፍ በሽታ ፍቱን ነው ያለውን የባህል መድኃኒት ላከላቸው።

«ልጄ ተምራለች፤ አልንቃትም» አሉ ሐጂ ወንበራቸው ላይ እየተቀመጡ። «ግን አንቺም ስሚኝ። ሳልታከም ደህና ነበርኩ። ጣቃ በትከሻዬ አድርጌ አራተኛ ፎቅ እወጣ ነበር። ክኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ እንቅልፍም የለኝ። ታዲያ ያመመኝ በሽታው ነው ወይስ መድኃኒቱ?»

ይህ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ሕመም የማይሰማውን ሰው ታመሃል ብሎ፣ ከዚያ የሚያሳምም ነገር ዋጥ ማለት በእርግጥ ከባድ ነው። መልስ ያላገኘ በሽተኛ መድኃኒቱን ቢያቆም አይፈረድበትም። ራጃ ግን መልስ ነበራት።

«ባባ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ብል የገባበት ጣቃ ትዝ ይልሃል?»

«አሁን ደግሞ ጨርቅ ልታስተምሪኝ ነው።»

«ከላይ ሲታይ ምን ይመስል ነበር?»

«አዲስ።»

«ሲዘረጋስ?»

«ወንፊት» አሉ።

«ጉበትም እንደዚያ ነው። እየተበላም ቢሆን አይጮህም። መጋዘኑን መድኃኒት ስታስነፋ ሁለት ቀን ሥራ ፈታህ፤ ሽታው ሳምንት ሙሉ አሳለህ። ነፊውን ግን በመሃል ና ውጣ አላልከውም።»

«እኔ መጋዘን ነኝ?» አሉ፤ ከንፈራቸው ግን ወደ ፈገግታ ሄዶ ነበር።

እኔም አንድ ነገር ልጠይቃቸው ፈለግሁ። «ክኒኑን የሚውጡት መቼ ነው?»

«ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ እዚሁ መጥቼ።»

«ቁርስ በልተው?»

«ቤት ብበላ ሀጀራ ፊት መዋጤ ነው። እዚህ ከጣቃው ኋላ ሆኜ በምራቄ ዋጥ አደርገዋለሁ። ውኃ ሳነሳ ደንበኛ ቢያየኝ ምን ያዘህ ይለኛል።»

«ድካሙንስ በምን ይችሉታል?»

ወለሉን ተመለከቱ። «ንገራቸው እንጂ፣ ባባ» አለች ራጃ።

«ትንሽ ሚራ እቅማለሁ፤ የዚህን አገር ጫት። ለመንቃት ያህል።»

«እስከ መግሪብ» አለች። «ምሳም አይበላም። ማታ እንቅልፍ ያጣል፣ ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ ከዚያ ሁሉንም በክኒኑ ያሳብባል።»

«ፖሊስ ነው ያሳደግሁት» አሉኝ ሐጂ።

ራጃ አልሳቀችም። ከጎናቸው ቁጢጥ ብላ እጃቸውን ያዘችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ክኒኑ ምንም አያደርግም አልልህም፣ ባባ። ራስ ምታት፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ ሊያመጣ ይችላል። ግን ባዶ ሆድ ላይ ስትጥለው ይብስብሃል። ከቁርስ ጋር፣ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ውሰደው። ከሰዓት ጋደም በል። ሚራውን ተወው። ራስ ምታቱ ከጠናብህ ያገኘኸውን ማስታገሻ አትዋጥ፤ ለሐኪሙ ደውል። የጨጓራ መድኃኒትም በራስህ ገዝተህ እንዳትጨምርበት፤ አንዳንዱ የክኒኑን ኃይል ይቀንሳል። ይኼ ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ግን ላኪውም አያውቀው። የተጎዳ ጉበት ላይ ምን እንደሚያደርስ ማን ያውቃል?»

«ሁለት ሁለት ብውጥስ? በግማሽ ጊዜ አልገላገልም?»

«ባባ።»

«ጠየቅሁ እንጂ አልዋጥኩም።»

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ሐጂ ግን ልባቸው ውስጥ ያስቀመጡት ሌላ ነገር ነበራቸው። ለመናገርም ተቸገሩ።

«ሠርክዬ፣ ይቅር በይኝና ተካልኝስ?» አሉ። «እሱም በዚሁ በሽታ ሲታከም በዓይኔ አይቻለሁ። ያመነመነው መርፌው ነው። ሰዉ ሁሉ መድኃኒቱ ገደለው አለ። አንቺም አይደለም አላልሽም።»

እውነታቸውን ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው እንደዚያ ሲል ራሴን ነቅንቄ አልፌአለሁ። ለጠያቂውም ለእኔም የሚቀል መልስ ነበር። አሁን ግን ያ ዝምታዬ ሐጂ ኑሬ እጅ ገብቶ ክኒን ማቆሚያ ሊሆን ነው።

«መድኃኒቱ አልገደለውም፣ ሐጂ» አልኩ። «የዚያን ጊዜው መርፌ ከእርስዎ ክኒን ጋር አይወዳደርም፤ በጣም ከባድ ነበር። ሲወጋ ትኩሳቱ ያንቀጠቅጠዋል። ይተክዛል፣ በትንሹ ይቆጣል። አልችልም አላለም። ዝም ብሎ አቆመው። ለሐኪሙ አልነገረም፤ ለእኔም አልነገረኝም። እየወጋሁ ነው ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ፍሪጅ ስከፍት መርፌዎቹ እንዳልጎደሉ አያለሁ።»

«አልጠየቅሽውም?»

«አልጠየቅሁትም። እንዳይከፋው ብዬ ፍሪጁን ዘጋሁት። ለትካዜው መላ እንደነበረው፣ ሐኪሙም መጠኑን ሊያስተካክልለት ይችል እንደነበር የሰማሁት ዘግይቶ ነው። ጉበቱ ከዚያ በኋላ የቆየለት አራት ዓመት ብቻ ነው።»

ራጃ ጠርሙሱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ሐጂ ጢማቸውን ይዘው ቆዩ።

«ነፍሱን ይማር» አሉ በመጨረሻ። «ታዲያ ምን አድርግ ትይኛለሽ?»

«ቢያቅትዎ አቃተኝ ይበሉ። ለሐኪሙ ይናገሩ እንጂ በራስዎ አያቁሙ። ለሀጀራም ይንገሯት፤ ተደብቀው ሲውጡ ነው ሕመሙ የበዛብዎ።»

«ለሀጀራ ምን ብዬ? በስልሳ አምስት ዓመቴ ይኼን ከየት አመጣኸው ብትለኝስ?»

«በልጅነትህ በአንድ መርፌ ስንት ሰው ይወጋ እንደነበር አንተው ነህ የነገርከኝ» አለች ራጃ። «በዚያም ይመጣል፣ ጥርስ ሲነቀልም ይመጣል። አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ምላጭህንና የጥርስ ብሩሽህን ለብቻ አድርግ፣ እማማም ትመርመር። ሳዋ? እሺ?»

ሐጂ ስልካቸውን አወጡ። ይህን ያህል ይፈጥናሉ ብዬ አልጠበቅሁም።

«ሀጀራ፣ ቤት የሚበላ አለ? . . . አይ፣ አልበላሁም። አምስት ሳምንት ሆነኝ ቁርስ ካልበላሁ። . . . ስመጣ እነግርሻለሁ። . . . አይ፣ ቆይ፣ አሁኑኑ ልንገርሽ።»

ነገሯት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሀጀራ የምግብ ዕቃዋን አንጠልጥላ፣ ትንፋሽ አጥሯት ደረሰች። እኔን ሰላም አለችኝና ወደ ባሏ ዞረች።

«ቁርሴን ጥለህ በጠዋት ስትወጣ ሁለተኛ ያገባህ መስሎኝ፣ የማን ልጅ እንደሆነች ሳጣራ ነበር» አለችው።

«ምነው በሆነ ኖሮ» አሉ ሐጂ።

«ብላ» አለችና ሩዙን ፊታቸው አስቀመጠች። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ሐጂ በሉ፤ ከዚያም ሁለት ደንበኞች ቆመው እያዩ ክኒኑን በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ዋጡ። አንዱ ደንበኛ ምን ያዘዎት ሲላቸው «ጉበቴን እየታከምኩ ነው፤ ሻሹን በሜትር ነው በጣቃ የምትፈልገው?» አሉት። የጠርሙሱን ነገር ራጃ ስትጠይቃቸውም «ድፊው። ለላከው ደውዪና ታማሚው ኑሬ ራሱ ነው፣ ክኒኑን እየጨረሰ ነው በዪው» አሏት።

ሁሉ ነገር በአንድ ቀን ቀለለ ብል እዋሻለሁ። ማቅለሽለሹ በሳምንት ውስጥ ተዋቸው፤ እንቅልፋቸውም ሚራውን ሲተዉ ተመለሰ። ድካሙ ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። ለሐኪሙ ደውለው ነገሩት፤ መክሮ አበረታታቸው። ከዙሁር ሶላት በኋላ ጣቃው ላይ ጋደም ይላሉ፣ ሀጀራ ሱቁን ትጠብቃለች፤ ከእሳቸው የተሻለች ሻጭ መሆኗም ያን ጊዜ ታወቀ። ዐሥራ ሁለቱን ሳምንት ጨረሱ። ከሦስት ወር በኋላ ደማቸው ሲመረመር ቫይረሱ አልተገኘም። ሀጀራም ተመርምራ ነጻ ናት። በዚያው ፎቅ የሚነግዱ ሁለት ሰዎች የት እንደሚመረመሩ ራጃን ጠይቀዋታል፤ አንደኛው ተገኝቶበት ሕክምና ጀምሯል። እሱ ክኒኑን ከጣቃ ኋላ አይውጥም።

በእነዚያ ሰባት ሳምንታት አርብ አርብ ለሐጂ ኑሬ እደውልላቸው ነበር። ዛሬስ ዋጡት ወይ፣ ምን ተሰማዎት እላቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን ይስቁብኛል፤ አንዳንድ ቀን ያማርራሉ። ሲያማርሩ ይበልጥ እረጋጋ ነበር፤ ተስፋ ቆርጦ ያቆመ ሰው እንደዚያ ሲያማርር አላየሁም። እንዲህ ያለው ጥያቄ ቀድሞ ሰውን መድፈር ይመስለኝ ነበር። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ ረጅም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ጠይቁት። ቢከፋውም ጠይቁት።