ሹሩባ እና የፊት በር

ባለፈው ጸደይ አንድ ቅዳሜ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ለጣሪያ ማደሻ ብላ ያስጠበሰችውን ዓሣ ልገዛ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ የቆሙት ጋሽ አሎንዞ ጌይንስ ናቸው፤ ትንሽ ቆይቶ የእህታቸው ልጅ ሬኒታ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ሁለቱ ከተኳረፉ ሰንብተዋል። ሬኒታ በሚቀጥለው ቅዳሜ በወግ አጥባቂው ፓርቲ የሰፈር ስብሰባ ላይ ሐሳብ አቀርባለሁ ማለቷን ያልሰማ የለም። በእኛ በአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮች ዘንድ ይህ ከነውር ይቆጠራል።

ሠላሳ ዓመት ሥነ ዜጋ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም። «ምነው ዘመዳሞች፣ እኔን አጥር አደረጋችሁኝ?» አልኳቸው።

«አንተው ንገራት፣ መምህር። እኔስ ደከመኝ» አሉ ጋሽ አሎንዞ ወደ ኋላ ሳይዞሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሬኒታ ሹሩባ ትሠራለች። የግዛታችን ሕግ ግን ሹሩባ ለመሥራት የውበት ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ከዓመት በላይ ተምሮ፣ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው ይላል። ትምህርት ቤቱ ጸጉር መቁረጥና ቀለም መቀባት ያስተምራል፤ ሹሩባ የሚባል ነገር ግን አያስተምርም። ተቆጣጣሪ መጥቶ የሹሩባ ቤቷን ዘጋባት። ዘመዶቿ ሁሉ ለሚመርጡት ፓርቲ ተወካይ አቤት ብትል «እናየዋለን» አላት፤ እስካሁን እያየው ነው። መንግሥት ከሰው ጓዳ እጁን ይሰብስብ የሚሉና ጉዳይዋን ጉዳያቸው ያደረጉ ነጻነት ወዳድ ወጣቶችን ያገኘችው በወግ አጥባቂዎቹ መካከል ነው። ሐሳቧም ሹሩባ ያለ ፈቃድ ይሠራ የሚል ነው።

«ስብሰባው የት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሏት ሽማግሌው፣ አሁን ዞረው።

«ድሮ የነጮች ብቻ በነበረው ክበብ አዳራሽ ነው፣ አጎቴ።»

«እዚያ አዳራሽ በወጣትነቴ ሳህን አመላልሻለሁ። የምገባው በጓሮ በር ነበር። ያኔም ‹መንግሥት አይድረስብን› ነበር የሚሉት፤ ልጆቻችን ከልጆቻቸው ጋር እንዳይማሩ። በሩን ያስከፈተልን ያው መንግሥት ነው። አንቺን ደግሞ የሚፈልጉሽ ለፎቶ ነው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ተማሪዬ ቢሆኑ ሙሉ ማርክ እሰጣቸው ነበር። ሬኒታም አላቃለለችውም።

«ለፎቶ መፈለጋቸውን አውቃለሁ፣ ጠይቀውኛል። መጀመሪያ በሐሳቤ ላይ ድምፅ ስጡ፣ ከዚያ ታነሱኛላችሁ አልኳቸው። ስለ በሩ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በጓሮ ግቡ ማለት የባለቤቶቹ ክፋት ብቻ ነበር? ሕግም አልነበረም? በፊት በር ቢገቡ የሚያስርዎት ፖሊስ የማን ሠራተኛ ነበር?»

«የመንግሥት» አሉ ቅር እያላቸው።

«ስለዚህ የዘጋውም የከፈተውም እሱ ነው። ለከፈተልን ውለታውን አልክድም። ዛሬ የዘጋብኝን ግን ይክፈትልኝ። እማዬ በረንዳዋ ላይ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ጸጉር ስትሠራ ኖራ ሞተች። በዚህ ሕግ ከሄድን እኮ ወንጀለኛ ነበረች።»

ሰልፉ ወደፊት ተራመደ፤ ጋሽ አሎንዞ ግን ባሉበት ቀሩ። እህታቸውን የቀበሩት ባለፈው ዓመት ነው።

«እሺ፣ እዚያ ከእኛ ወገን ስንት ሰው አለ?» አሉ።

«ማንም የለም። ለዚህ ነው ይምጡ የምልዎት። አንድ የሰፈሩ ነዋሪ ካልደገፈኝ ሐሳቡ ለድምፅ እንኳ አይቀርብም። አንዱ ፓርቲ የትም አይሄዱም ብሎ ረስቶናል፤ ሌላው መቼም አይመጡም ብሎ ትቶናል። ታዲያ ማን ይስማን?»

ዓሣቸውን ተቀብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔም አዘንኩ፤ ክርክሩን አሸንፋ አጎቷን ያጣች መሰለኝ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቷል። ሬኒታ ተናግራ ስትጨርስ ሰብሳቢው ደጋፊ እንዳለ ጠየቀ። እኔና ወጣቶቹ የሌላ ሰፈር ሰዎች ስለሆንን መደገፍ አንችልም። የሰፈሩ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ኮፍያውን ማገላበጥ ጀመረ። ሰብሳቢው ወደሚቀጥለው ጉዳይ ሊያልፍ ሲል ከፊት በር በኩል ድምፅ ተሰማ።

«አሎንዞ ጌይንስ እባላለሁ፤ የዚህ ሰፈር ነዋሪ ነኝ። ደግፌያለሁ።»

የእሑድ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መጥተዋል። መጀመሪያ ጥቂት እጆች ወጡ፤ ከዚያ ባለ ኮፍያው አወጣ፣ ሌሎችም ተከተሉ፣ ሐሳቡም አለፈ። አንዲት የፓርቲው ሴት ካሜራ ይዛ ወደ ሬኒታ ስትመጣ ሬኒታ አጎቷን አየቻቸው።

«አሁን አንሷት» አሉ።

ሕጉ ገና አልተሻረም። ሐሳቡ ግን በፓርቲው ስም ወደ ግዛቱ ምክር ቤት ሄዷል፤ በየጓዳው ተደብቀው ሹሩባ የሚሠሩ ሴቶችም ስማቸውን እየጠሩ ለመናገር ደፍረዋል። ጋሽ አሎንዞ በሚቀጥለው ምርጫ ማንን እንደሚመርጡ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ለዓመታት ድምፃቸውን እንደ ራሱ ንብረት ሲቆጥር የኖረው ያ «እናየዋለን» ባይ ተወካይ ግን በዚያው ሳምንት ደውሎ ምን እንዲደረግላቸው እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው።

«በእህቴ በረንዳ ላይ ልጆቹ ተራ ይጠብቁበት የነበረው ወንበር አለ» አሉት። «መጥተህ ተራህን ጠብቅ።»