በአሪኛ የተጠየቀ ነገር

ልጆቼ ከእኔ የሚደብቁት ነገር ሲኖር በአሪኛ ነበር የሚያወሩት። ጂንካ ተወልደው ከሰፈሩ የአሪ ልጆች ጋር ስላደጉ እንደ ውሃ ያንቆረቁሩታል። እኔ ደግሞ ወታደር ባሌን ተከትዬ ከወሎ የመጣሁ ነኝ፤ እሱ ወደ ግንባር ከዘመተ ቆይቷል። «እማዬ አሪኛ አትችልም» ብለው ደምድመዋል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ጎደሬ የምትሸጥልኝ ደንበኛዬ ስንት ዓመት እንዳስተማረችኝ ማን ይንገራቸው? ብርጭቆውን ማን እንደሰበረ፣ ከትምህርት ቤት ማን እንደቀረ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። «በምን አወቅሽ?» ሲሉኝ፣ «እግዜር ነገረኝ» እላለሁ።

አንድ ቀን ትልቁ ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ እህቱን በአሪኛ «ጫማዬ ተቀደደ፤ ለእማዬ እንዳትነግሪ» አላት። አንጀቴን በላኝ፤ ቅዳሜ ገዛሁለት። እሁድ ጠዋት ከበር ውጭ ትንሿን፣ የአምስት ዓመቷን ሲመክራት ሰማሁ። «በአማርኛ ከጠየቅሻት ‹አባታችሁ ሲመጣ› ነው የምትልሽ። እሷ እየሰማች ለእኔ በአሪኛ ንገሪኝ፣ ወዲያው ይገዛል። እንደምናውቅባት ግን እንዳትነግሪያት፤ የሸወደችን ሲመስላት ደስ ይላታል።»

ምሳ ላይ ትንሿ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ወንድሟን እያየች፣ ጥርት ባለ አሪኛ፣ «አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችው።

ሁሉም መብላት አቁመው ጠበቁኝ። እኔም ወጥ ጨመርኩላቸውና አሪኛ የማይገባት ሴት ሆኜ ቀረሁ።